ለውሃ የተቆረጠ ብርድ ልብስ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ እናኑ ሉሉ
ዕድሜ፦ 36 (በግምት)
የትውልድ ቦታ፦ ሸኸዲ፣ መተማ
ሥራ፦ ጆንያ መስፋት
አድራሻ፦ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከሎሪ ማቆሚያው ጀርባ ባለው የስደተኞች ሰፈር፣ በአቶ እንግዳው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ግንቦት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ረፋድ ላይ
ቃል ተቀባይ፦ ሻዊሽ (ሃምሳ አለቃ) አሊ፣ የጣቢያው መርማሪ
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ገብረ ሥላሴ ወልዱ
ጉዳዩ፦ በሎሪ ሾፌር ጋረደው አድማሱ ላይ የቀረበ የእርዳታ ብርድ ልብስ ስርቆት ጥርጣሬ
(ምስክሯ ዐረብኛ አጥርታ ስለማትናገር ቃሏ በአማርኛ ተጽፎ ለመዝገቡ ወደ ዐረብኛ ይገለበጣል።)

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የምሰጠው ቃል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ ጸሐፊው ጋረደውን «ተጠርጣሪው» ብለው እንደሚጽፉ ነግረውኛል። እኔ እሱን በዚህ ስም ስለማላውቀው፣ በእኔ ቃል ውስጥ ጋረደው ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አድራሻዬን በተመለከተም፣ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ የማድረው በሟች ባሌ ወንድም ግቢ መሆኑ እውነት ነው። ይህን ቃል ከሰጠሁ በኋላ ዛሬ ማታም እዚያ ስለማደሬ ግን ማረጋገጥ አልችልም።

ባሌ ወልደ ማርያም በነሐሴ ወር 1976 ዓ.ም. ከሸኸዲ ወደዚህ ስንሰደድ ገላባት ላይ በንዳድ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ብቻዬን ስቀር ዋርሳዬ አቶ እንግዳው ወደ ገዳሪፍ አምጥቶ በግቢው አስጠግቶኛል። አቶ እንግዳው ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚህ ዘመን ሰው ለልጁ በሚሰስትበት ጊዜ ከገበታው ከፍሎ አብልቶኛል። እኔም ሸክም እንዳልሆንበት በሎሪ ማቆሚያው ጥላ ሥር ተቀምጬ የተቀደደ የማሽላና የሰሊጥ ጆንያ እየሰፋሁ እተዳደራለሁ። ሻዊሽ አሊ አሁን የተቀመጡበትን ወንበር ሸራ የሰፋሁትም እኔ ነኝ፤ እስካሁን አልተተረተረም።

ጋረደውን ያወቅሁት በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. ነው። የእርዳታ እህልና ዕቃ ወደ ድንበሩ መጠለያዎች የሚያመላልስ ሎሪ ይነዳል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጆንያዬ ቀና ብል፣ ጋቢናው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር በጋቢ ይጠቀልላል፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ይከታል፤ ደግሞ ፈትቶ እንደገና ይጠቀልላል። ሕፃን የሚያስተኛ መስሎኝ ላግዘው ብዬ ቀረብኩ። ጠጋ ብዬ ሳይ የውሃ ጀሪካን ነው። እሱም በትክክል የቆመ ሳይሆን በአፉ የተደፋ ነበር።

«ወንድሜ፣ ምነው ውሃው ታመመብህ?» አልኩት። እሱም ሳይሥቅ፣ «ውርጭ እንዳይመታው ነው» አለኝ። የቆምንበት የሎሪ ብረት እጅ ያቃጥል ነበር። ውሻው ሁሉ ከሎሪዎች ሆድ ሥር ገብቶ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። እኔ ቆለኛ ነኝ፤ ውርጭን የማውቀው በስም ብቻ ነው። መሬት ተቀምጬ ሣቅሁ። እሱ ግን ሥራውን ጨርሶ የጋቢናውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋና፣ «ሣቂ ግዴለም፤ ውርጭ ሳይጠሩት ነው የሚመጣ» ብሎኝ ሄደ።

ምክንያቱን በኋላ ነግሮኛል። ጋረደው የደባርቅ ሰው ነው። በአገሩም ሎሪ ነጂ ነበር። አንድ ኅዳር ከደባርቅ በላይ ሎሪው ተበላሽቶ እዚያው ያድራል። ለክፉ ጊዜ ብሎ ከኋላ የጫነው ውሃ በሌሊቱ ቁር ረግቶ በረዶ ይሆንና ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ጧት ፀሐይ ስትወጣ በረዶው ቀልጦ መሬት ይጠጣዋል። እሱና ጭነት ይዞ የተሳፈረ አንድ ነጋዴ፣ ሰው እስኪደርስላቸው ድረስ በጥም ተቃጥለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የክፉ ቀን ውሃ የሚይዝበት የራሱ ሥርዓት አለው። ውሃው ከኋላ አይጫንም፣ ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ይቀመጣል። ሲረጋ ስለሚያብጥ ዕቃው እስከ አፉ አይሞላም፣ መተንፈሻ ይተውለታል። በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ አፉ እንዳይዘጋ ተገልብጦ ይቆማል። ከሥሩ ገለባ ይነጠፍለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይለብሳል። ይህን ሁሉ ደባርቅ ላይ ማድረግ ብልህነት ነው። ገዳሪፍ ላይ ግን ሰው ምን ይበል? የአገሩ ሾፌሮች ውሃቸውን ከፍየል ቆዳ በተሰፋ ጊርባ አድርገው በሎሪው ጎን አንጠልጥለው ነፋስ እያቀዘቀዘላቸው ይሄዳሉ። ጋረደውን «አቡ ተልጅ» ይሉታል፤ የበረዶው አባት ማለት ነው። ሲያልፍ እጃቸውን አሻሽተው በብርድ የሚንቀጠቀጡ እየመሰሉ ያሾፉበታል።

እኔም ከማሾፍ አልተመለስኩም። በየቀኑ «ዛሬስ ውሃህ እንዴት አደረ፣ አሳለው ወይ?» እለው ነበር። አንድ ቀን መረረኝና፣ «አያ ጋረደው፣ እዚህ አገር ውርጭ የሚባል ነገር የለም፤ እባክህ ጋቢህን ራስህ ልበሰው» አልኩት። እሱም ትክ ብሎ አየኝና፣ «ካለበስኩት ጊዜ አንስቶ አንድ ቀን ረግቶ ያውቃል?» አለኝ። አያውቅም አልኩት። «አየሽ አይዶል?» አለ። ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ። ሆኖም እውነቱ መነገር አለበት። የእሱ ውሃ በርሜል ውስጥ እንደሚጫነው ውሃ እጅ አያቃጥልም ነበር። ብርድ እንዳይገባ የተጠቀለለ ነገር ሙቀቱንም በር ላይ ሳይመልሰው አልቀረም። ይህን ስነግረው ግን አልተቀበለኝም፤ ሙቀት እንዳይገባው ብሎ ጋቢ የሚደርብ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ ተከራከረኝ።

ያንን ውሃ ማንም አይቀምሰውም ነበር፤ ራሱም ጭምር። በታኅሣሥ ወር ጥም ይዞኝ ከጀሪካኑ ትንሽ እንዲቀዳልኝ ብጠይቀው እምቢ አለኝ። «ይኸ የክፉ ቀን ውሃ ነው፤ ዛሬ ክፉ ቀን አይዶለም» አለኝ። ተናድጄ ፊቴን አዞርኩበት። ጥቂት ቆይቶ ከጉድጓዱ በጣሳ ውሃ ቀድቶ፣ በዚያ ፀሐይ ሮጦ፣ ግማሹን መንገድ ላይ እያፈሰሰ አመጣልኝ። ጠጥቼ ጣሳውን ስመልስለት አላመሰገንኩትም። ሻዊሽ አሊ በረመዳን ጾም ላይ ስለሆኑ ስለ ውሃ ይህን ያህል በማውራቴ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሳቸውም «መሌሽ፣ ግድ የለም፣ ቀጥይ» ብለውኛል።

ሚያዝያ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ እኅቴ ኮከብ ድንበር ተሻግራ ገላባት ገብታለች የሚል ወሬ ሰምቼ በጋረደው ሎሪ ተሳፍሬ ወደዚያው ሄድኩ። ዋርሳዬ አቶ እንግዳው ያውቃል፤ ለጋረደው አደራ ብሎ የሰጠኝ ራሱ ነው። ገላባት ስንደርስ ወሬው የሌላ ኮከብ ሆኖ ተገኘ። እኅቴን ሳላገኝ ስመለስ ሎሪው ከማዶ በእግራቸው የገቡ ረኀብተኞችን ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ተነሣ። ዶካ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ከሥር ክብደቱን የሚሸከመው ባሊስትራ ተሰበረና ሎሪው በአንድ ጎኑ አጋድሎ ቆመ።

ቦታው ዛፍ የማይታይበት ሜዳ ነው። ሰዎቹን አውርደን በሎሪው ሆድ ሥር አስጠለልናቸው። ከኋላ በበርሜል የተጫነው ውሃ ለአፍ የማይቀርብ ነበር። እሱንም እናቶች እፍ እያሉ ለልጆቻቸው አጠጥተው ጨረሱት። በጎን የተንጠለጠለ አንድ ጊርባ ነበረን፤ እሱም ሎሪው ሲያጋድል ብረት ይዞት ተቀዶ ውሃው ፈሷል። መንገደኛ አላለፈም። አመሻሹ ላይ ልጆቹ ማልቀስ ሲያቆሙ እኔ ፈራሁ፤ ሲያለቅሱ ይሻል ነበር።

በዚህ ጊዜ ጋረደው ጋቢናውን ከፍቶ ጀሪካኑን አወጣ። ጋቢውን ገልጦ፣ ቀስ ብሎ አቃንቶ አቆመውና በክዳኑ እየለካ ያድል ጀመር። መጀመሪያ ልጆች፣ ከዚያ የሚያጠቡ ሴቶች፣ ከዚያ አቅመ ደካሞች ጠጡ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር ብዬ አልመሰክርም፤ ለብ ያለ ውሃ ነው። ሆኖም እንደዚያን ቀን ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። ጋረደው ራሱ ሁሉም እስኪዳረስ ድረስ አልጠጣም፤ ሲቀምስም ያየሁት እኔ ስለተቆጣሁት ነው።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል አያ አስፋው የተባሉ ከወገራ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ረኀቡ ስለጨረሳቸው መቀመጥ አልቻሉም። ጋረደው ራሳቸውን በክንዱ ደግፎ አጠጣቸው። ከጠጡ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ይህማ የአገሬ ውሃ ነው፤ ደረስን እንዴ?» አሉ። ጋረደውም «አዎን አያ፣ ደርሰናል» አላቸው። እኔ ይህን ስሰማ ፊቴን ወደ ጎማው አዞርኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ አረፉ።

መግነዝ የሚሆን ጨርቅ ከማንም ዘንድ አልነበረም፤ አብዛኛው ሰው የለበሰው ቁራጭ ነው። ጋረደው ያንን ለውሃው የሚሳሳለትን ጋቢ አንሥቶ አራገፈና አያ አስፋውን ገነዘበት። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ጀሪካኑ ዞሮ አላየም። ከመንገዱ ዳር ቀበርናቸው። ቄስ ስላልነበረ የምናውቀውን ጸሎት አደረስን። በማግስቱ ጧት ከገዳሪፍ የመጣ ሌላ ሎሪ ደረሰልን። ከዚያ ሎሪ ላይ በጥም የሞተ ሰው የለም። የጋረደው ሌብነት ሲመረመር ይህም አብሮ እንዲመረመር እጠይቃለሁ።

ባሊስትራው ተሠርቶ ሎሪው ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ፣ ጋረደው በካናቴራ ብቻ ሲነዳ አየሁት። ትከሻው በፀሐይ ተልጧል። ሸሚዙ የት ገባ ብዬ ወደ ጋቢናው ስመለከት ሸሚዙን ጀሪካኑ ለብሶታል። ቁልፎቹ በሙሉ ተቆልፈዋል፣ እጅጌዎቹም ወገቡ ላይ ታስረዋል።

«አያ ጋረደው፣ አንተ ራቁትህን ሁነህ ውሃ ታለብሳለህ?» አልኩት።

«እኔማ ቢበርደኝ እንቀጠቀጣለሁ። ውሃ መንቀጥቀጥ የት ያውቃል? ዝም ብሎ ነው የሚሞት» አለኝ።

ሥቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ጸሐፊው «ይህንንም ልጻፈው ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ይጻፍ ብያለሁ። ይህን ሰው መውደዴን ለራሴ የነገርኩት በዚያች ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት የማሾፍ ነበር የሚመስለኝ።

በዚያው ቀን ቤቴ ገብቼ፣ በጥር ወር በእደላ የደረሰኝን ባለ ሰማያዊ መስመር ግራጫ ብርድ ልብስ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። ሙሉውን ልሰጠው አስቤ ነበር። ነገር ግን ውሃ እግር የለውም፣ ግማሹ ይበቃዋል ብዬ በመቀስ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን ግማሽ በጀሪካኑ ልክ ሰፋሁት። ተገልብጦ ሲቆም እንዳይወልቅ ከታች በሲባጎ ማሰሪያ አበጀሁለት። ስፌቱ የጆንያ አፍ የምዘጋበት ነው፤ በገዳሪፍ የእህል ገበያ የእናኑ ስፌት ቢባል የማያውቀው ተሸካሚ የለም። ሌላው ግማሽ አልጋዬ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ወስጄ ሰጠሁት። ጀሪካኑን አልብሶ፣ አስሮ፣ ገልብጦ አቆመው። ዙሪያውን ዞሮ ካየው በኋላ «ልክክ አለ» አለ። ከዚያም ሸሚዙን ለበሰ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ «አያ» የሚለውን ትቼ ጋረደው ብዬ ጠራሁት፤ እሱም ወይ አለ። በመካከላችን የሆነው ይህ ብቻ ነው። ከዚህ ያለፈ ነገር አይቻለሁ የሚል ካለ ቀርቦ ይመስክር።

ግንቦት 17 ቀን 1977 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት የሆነውን እኔ በቦታው ስላልነበርኩ በዓይኔ አላየሁም፤ የነገረኝ የመጠለያው መጋዘን ሠራተኛ አቶ ከማሉ ነው። ጋረደው ያደረሰው ጭነት ሲራገፍ አንደኛው የብርድ ልብስ እስር ተፈትቶ ጎድሎ ተገኘ። አቶ ከማሉ ሎሪውን ሲፈትሽ ጋቢናው ውስጥ የእርዳታ ብርድ ልብስ ግማሽ የለበሰ ጀሪካን አየ። የእርዳታ ብርድ ልብስ ለሁለት እየተቆረጠ በገበያ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አቶ ከማሉ መጠርጠሩን አልቀየምበትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። ጋረደው ከየት አመጣኸው ተብሎ ሲጠየቅ «የሰው ስጦታ ነው» አለ። የማን ስጦታ ነው ሲባል ዝም አለ። የቀረው ግማሽ የት ነው ሲባልም ዝም አለ። በዚህ ምክንያት ተይዞ ወደዚህ ጣቢያ መጣ።

ሻዊሽ አሊ እንደገለጹልኝ፣ ጋረደው እስከ ነገ መልስ ካልሰጠ የሥራ ፈቃዱን ተነጥቆ በገላባት በኩል ወደ መተማ ይሸኛል። እሱ ከአገሩ የወጣው ሎሪውን ለወታደር ማመላለሻ አልሰጥም ብሎ ነው። ማዶ ላይ የሚጠብቁት እልል ብለው እንዳይደለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይህን እያወቀ ነው ዝም ያለው።

ዝም ያለበትን ምክንያት እናገራለሁ። እኔ ጥቁር የለበስኩ ሴት ነኝ። የባሌ ሙት ዓመት ገና አልደረሰም። የምኖረውም በዋርሳዬ ግቢ ነው። የብርድ ልብሱ ግማሽ የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ «እናኑ አልጋ ላይ ነው» ብሎ መመለስ በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ለሻዊሽ አሊ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በእሳቸውም ሰፈር ያው ነው። እውነቱን ተናግሮ ነፃ ከመውጣት ሌባ ተብሎ መባረርን መረጠ። ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ ያለ ጅልነት አልፈቅድለትም ነበር።

ሰኞ ግንቦት 19 ቀን ምሳ ይዤ ወደ ጣቢያው መጥቼ ነበር። ጥበቃው ምግቡን አስገብቶ ተመለሰና ጋረደው ያለውን ነገረኝ። «ምግቡን ተቀብያለሁ፤ ሴትዮዋን ግን አላውቃትም» ብሏል። ሰው የማያውቃትን ሴት ወጥ ጥርግ አድርጎ ይበላል ወይ? ሳህኑ ባዶውን ነው የመጣልኝ። ከዚያም ጥበቃውን፣ «ልብሱን ለማስረጃ ስለወሰዱበት ጀሪካኑ ራቁቱን ነው፤ እባክህ ጥላ ውስጥ አስገባልኝ» ብሎ ለምኖታል። ሌላ እስረኛ ዋስ ይለምናል፤ የእኔው ለውሃው ጥላ ይለምናል። ጀሪካኑን እኔው ራሴ በጣቢያው ደጅ ከቆመው ሎሪ አውርጄ በነጠላዬ ጠቅልዬ ጥላ ካለው ግድግዳ ጥግ አስቀመጥኩት። ገልብጬ ነው ያስቀመጥኩት።

ትናንት ማታ ለምስክርነት እንደምመጣ ለዋርሳዬ ለአቶ እንግዳው ነገርኩት። እሱም፣ «እናኑ እኅቴ፣ ሰውየው እኮ ለስምሽ ብሎ ነው ዝም ያለ። ተይው» አለኝ። እኔም፣ «ለስሜ ተብሎ ሰው ከሚባረር ስሜ ይባረር» አልኩት። «የወንድሜ ሙት ዓመት ሳይደርስ ብርድ ልብስሽ በሌላ ወንድ መኪና ተገኘ ሲሉኝ ምን ልመልስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ውሃ በርዶት ነው በል» አልኩት። አልሣቀም። ወልደ ማርያም ነፍሱን ይማረውና እሱ ቢሆን ይሥቅ ነበር። ወልደ ማርያም ደግ ባል ነበር፤ አልረሳሁትም፣ ሙት ዓመቱንም እንደ አቅሜ አወጣለታለሁ። ነገር ግን የሞተን ሰው ማክበርና በቁሙ ያለን ሰው ማስበላት አንድ አይደለም። ይህን ለዋርሳዬ ስነግረው ተነሥቶ ወጣ። ውጭ ቆሞ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፤ ለወንድሙ ይሁን በእኔ ተቀይሞ አላውቅም።

ዛሬ የእመቤታችን ቀን ነው፤ በእሷ ቀን አልዋሽም። ስለ ተፈታው እስርና ስለ ጎደሉት ብርድ ልብሶች ምንም አላውቅም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ጀሪካኑ የለበሰው ብርድ ልብስ ግን የእኔ ነው፤ የቆረጥኩትም የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ለማስረጃ ሌላውን ግማሽ ከአልጋዬ ላይ አንሥቼ ይዤ መጥቻለሁ። የእርዳታ ብርድ ልብስ መቁረጥ ክልክል ከሆነም በዚያ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

(የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ያቀረበችው ቁራጭ ጣቢያው ከያዘው ቁራጭ ጋር በሻዊሽ አሊ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ታይቷል። ጫፍና ጫፉ ገጥሟል። ፍም አቃጥሎት የነበረ ቀዳዳ በመቀሱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላኛው ቁራጭ ላይ ተገኝቷል።)

ሻዊሽ አሊ «ይህ ሰው ምንሽ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ቆይቻለሁ። ለመልሱ ግን በሕግ ፊት የምጠራው ስም የለኝም። ባሌ አይደለም፣ ዘመዴ አይደለም፣ አበ ልጄም አይደለም። ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቅም አይመስለኝም፤ ለውሃ የሚጠነቀቀውን ያህል ለነገር አይቸኩልም። እኔ ግን እወደዋለሁ። ይህ ቃል ወደ ዐረብኛ ሲገለበጥ እዚህ ላይ እንዳይለሳለስብኝ ጸሐፊውን አደራ ብያለሁ። የምሰጠው ቃል በዚህ አበቃ።

(የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ከላይ የተጻፈው ቃል ለምስክሯ ከተነበበላት በኋላ፣ በሻዊሽ አሊ ትእዛዝ ተጠርጣሪው ጋረደው አድማሱ ከማረፊያ ክፍል ወጥቶ ቀርቧል። ቃሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦለታል። ሲነበብለት መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ሻዊሽ አሊ በእኔ አስተርጓሚነት፣ ሰኞ ዕለት ለጥበቃው አላውቃትም ያላት ሴት ይህችው መሆኗን ጠይቀውት፣ አዎን ብሏል። «ታዲያ ምንህ ናት?» ብለው ሲጠይቁት ተጠርጣሪው «ሚስቴ ናት» ሲል መልሷል። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ ደግሜ ጠይቄው ያንኑ ደግሟል። ይህም በቃሉ መሠረት ተጽፏል። ሻዊሽ አሊ ለምስክሯ ውሃ እንዲመጣላት አዘዋል። ከዚያም አሻራዋን ከማኖሯ በፊት የሚከተለው እንዲጨመርላት ጠይቃ ተጨምሯል።)

ከላይ የሰጠሁት ቃል በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የሠራሁት ነው፤ ከሰው የሰማሁትንም ሰማሁ ብዬ ለይቻለሁ። ሚስቱ መሆኔን ግን እስከዚህች ሰዓት ድረስ አልነገረኝም ነበር። እኔም እዚሁ ጣቢያ ውስጥ ከእናንተ ጋር እኩል ነው የሰማሁት። ይህም እውነት መሆኑን አረጋግጬ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ አሻራ፦ እናኑ ሉሉ
የአስተርጓሚውና ጸሐፊው ፊርማ፦ ገብረ ሥላሴ ወልዱ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሻዊሽ አሊ